ሦስት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ

የአያ ጥሩነህን መርዶ ያመጣው ሰው ቡሬ የገባው ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ወር፣ በገበያ ቀን ነው። ከሲታ ሰው ነው፤ ራሱን ተላጭቶ ጠጉሩ ገና መብቀሉ ነበር። ከኮርቻ ቤታችን በር ላይ ቆሞ "የአያ ጥሩነህ ቤት ይህ ነው?" አለ። ነው አልነው። "ፈንታሁን እባላለሁ። አብረን ታስረን ነበር" አለና አቀረቀረ። ባገራችን መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገር። ያ ምስኪን ግን ሽማግሌ ከየት ያምጣ? ፊቱ ነገረን። ቆዳ ቆራጫችን ደመላሽ ቢላዋውን ቆዳው ላይ ጣለና ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን በር ሳይ የኖርኩት ሴት፣ አንዲት እንባ እንኳ አልወጣኝም። አፍሬ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት።

ሰው የሞተ ሰው ሲያነሳ መልአክ ካላደረገው አይሆንለትም። እኔ አልዋሽም፤ አያ ጥሩነህ ነዝናዛ ነበሩ። አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ካላሉት አይረኩም። ወስፌያቸውን ከጆሯቸው በላይ ጠጉራቸው ውስጥ ሰክተው "ወስፌዬን ማን ወሰደው?" እያሉ ቤቱን ያምሱታል። ነገር የከበዳቸው እንደሆነ አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው የቆዳ ጠርዝ ያሻሉ፤ ያን ጊዜ ማንም አያናግራቸውም። የደህና ባላገር ልጅ ናቸው። ቆዳ ነክተው ኮርቻ መሥራት ሲጀምሩ ዘመዶቻቸው "ፋቂ ሆነ፣ ቡዳ ሆነ" ብለው ማዕድ ለዩባቸው። ሚስታቸው በወሊድ ሞታባቸዋለች። እንግዲህ የቀራቸው ዘመድ እኛ ነበርን፣ ሠራተኞቻቸው።

እኔን ያገኙኝ ከገበያ ነው። ከባሌ ተፋትቼ ካባቴ ቤት ተመልሼ፣ አገልግል እየሰፋሁ እሸጥ ነበር። አንዱን አገልግሌን አንስተው ገለበጡት፣ ከፈቱት፣ አሸተቱት።

"ማን ሰፋው?"

"እኔ ነኝ።"

"ወስፌውን እንዴት ነው የምትይዢው?"

"በጄ ነዋ! ሰው በምን ይይዛል?" አልኳቸው። አፌ ያኔም እንዲሁ ነበር።

ሳቁ። "አፍሽን ተይውና እጅሽን ይዘሽ ነገ ነይ" አሉኝ። አባቴ ሲሰማ "ቆዳ ቤት ገብተሽ ዳግመኛ ማን ያገባሻል?" ብሎ ዘለለ። የሄድኩት ግማሹ እልህ ነው። ማን ማግባት ፈልጎ!

የመጀመሪያውን ቀን ወስፌ እንኳ አላስነኩኝም። የጭነት ኮርቻ አንስተው ጀርባዬ ላይ አሰሩብኝ። እውነቴን ነው! ከላዩ ሁለት ቁና ገብስ ጫኑበትና "ግቢውን ዙሪ" አሉኝ።

"ኧረግ! እኔ በቅሎ ነኝ እንዴ?"

"በቅሎዋ አፍ የላትም። አንቺ ግን ተመስገን ነው፣ አፍ አልጎደለሽም። ዙሪና የት ላይ እንደሚያምሽ ንገሪኝ።"

ስምንት ዙር ዞርኩ። ሌሎቹ ሥራቸውን ትተው ይስቃሉ፤ ደመላሽ ደግሞ "እኔ አሥራ ሁለት ዞሬያለሁ!" እያለ ይፎክርብኛል። በዘጠነኛው "ከዚህ፣ ከግራ ትከሻዬ ሥር!" ብዬ ጮህኩ። ኮርቻውን አውርደው ውስጡን በጣታቸው ዳሰሱና የተጣመመች አንዲት ስፌት አሳዩኝ። የገብስ ፍሬ አታህልም። "ይቺ ናት። ቡሬ ተሰፍታ ወንበርማ ስትደርስ የበቅሎ ጀርባ የምትገሸልጥ ይቺ ናት" አሉ። ያቺን ስፌት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ ትከሻዬም አልረሳት።

በዚያ ዘመን ባለሙያ ሁሉ አንድ ነገር ይደብቃል። ቀጥቃጩ ብረቱን የሚያበርድበትን፣ ቆዳ አልፊው የሚነክርበትን ቅጠል፣ ለልጁ እንኳ ሳይነግር መቃብር ይወርዳል። ሙያ በልብ ነው ይላል። አያ ጥሩነህ ይህን ተረት ሲሰሙ ይናደዳሉ። "ሙያ በልብ ብቻ ከሆነ፣ ልብ የቆመች ዕለት ሙያም ይቆማላ!" ይላሉ። እሳቸው ቤት ቆራጩ መስፋት፣ ሰፊው መቁረጥ፣ ሁሉም እንጨት ማለዘብ ይማራል። በየወሩ ያፈራርቁናል። የደመላሽ እጅ እንደ ጥጥ መዳመጫ ብረት ከባድ ነው፤ ወስፌ ሲይዝ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ማልቀስ ብቻ ይቀረዋል። እኔ ደግሞ ቢላዋ ይዤ ስንት ቆዳ አበላሸሁ! ነጋዴዎች "ይኸ ኮርቻ ቤት ነው ወይስ የዜማ ቤት?" እያሉ ያፌዙብን ነበር። በኋላ ግን አንድ ክረምት አያ ጥሩነህ በንዳድ ወር ሙሉ ሲተኙ፣ ከቤቱ አንዲት ኮርቻ እንኳ አልዘገየችም። ፌዙም በዚያው ቀረ። ሦስት ሆነው ከዋርካ ሥር የጀመሩት፣ አሥራ አንድ ሆነን ደህና ቤት ገባን። ደንበኞች ከዳንግላ ይመጣሉ፣ ከዱርቤቴ ይመጣሉ፣ ከወጀትም ይመጣሉ። ፍኖተ ሰላም የተባለው በኋላ ነው፤ ያኔ ወጀት ነው ስሙ።

ሌላ ደንብ ደግሞ ነበራቸው። እያንዳንዳችን ስፌታችንን ስንጨርስ የየራሳችን ማሳረጊያ አለን። ያንዱ ድርብ ቋጠሮ ነው፣ ያንዱ እንደ መስቀል ይተላለፋል። የኔ እናቴ ካስተማረችኝ የአገልግል ስፌት ያመጣሁት ነው፤ ሦስት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። የበቅሎ ጀርባ የላጠ ኮርቻ ሲመለስ ማሳረጊያውን አይተው የሰፋውን ይጠራሉ። አይሳደቡም። አስቀምጠው ያስፈቱታል፣ እንደገና ያሰፉታል። "ጥፋት ስም ሲኖራት ነው የምትታረም" ይላሉ። አንድ ሺህ ጊዜ "ማሳረጊያሽን አትርሺ" ብለውኛል። ቆይቶ ማስታወስም አላስፈለገኝ፤ እጄ ራሱ ያሳርፈው ጀመር።

ወዮልኝ ለዚያ እጅ።

ጣሊያን ቡሬ ሲገባ ከኮረብታው ምሽግ ሠራ፣ ከገበያው መካከል ደግሞ እንጨት አቆመ። ሁለት ምሰሶ፣ ከላይ አግድም። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀ፣ ማንም አልነገረን። ሦስት ሳምንት ባዶውን ቆመ። ገበያው ግን በራሱ ጊዜ ወደ ዳር ዳር ሸሸ፤ ከእንጨቱ አጠገብ ቃሪያ የሚሸጥ እንኳ ጠፋ። በአራተኛው ሳምንት ሦስት ሰው ሰቀሉበት። ከሦስቱ አንዱ አምና ኮርቻ የሠራንለት ነጋዴ ነው። አያ ጥሩነህ ከዚያ ቀን ወዲያ ወደ ገበያ ሲወጡ በኋላ በር ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ የምሽጉ ሹም ካስተርጓሚው ጋር ወደ ቤታችን መጣ። ለጦሩ በቅሎዎች የጭነት ኮርቻ ይፈልጋል። እንቢ ማለት እንደማይቻል ለማወቅ ወደ ገበያው መመልከት ይበቃ ነበር። አስተርጓሚው ለስላሳ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። የአሥራ አንዳችንን ስም እየጠየቀ ጻፈ። ከዚያ አንዱን ኮርቻ ገልብጦ ስፌቱን በጥፍሩ ተከተለ፤ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም።

"መጨረሻቸው ይለያያል። ለምንድን ነው?"

"ለጌጥ ነው ጌታዬ" አሉ አያ ጥሩነህ።

"ጌጥም እኮ ይናገራል" አለና ፈገግ ብሎ ወጣ። አያ ጥሩነህ አውራ ጣታቸውን አርሰው ጠርዝ ሲያሹ ዋሉ።

በነቢያት ጾም አንድ ገበሬ ጭድ በአህያ ጭኖ መጣና "አያ ጥሩነህ፣ ለፊታችን ሐሙስ ከደጋ ሰርግ አለብን። ስድስት ኮርቻ ይሠሩልናል?" አላቸው። በጾም ሰርግ የለ! ሁላችንም ቀና አልን፤ ቀና ብለንም አጎነበስን። ደጋው ላይ እነማን እንዳሉ ማን ያጣዋል? አርበኞች ናቸው። አያ ጥሩነህ "ሰርግማ መልካም ነው" አሉት። እሱ እንደወጣ በሩን መለስ አድርገው እንዲህ አሉን፦

"የሰርጉ ኮርቻ ማሳረጊያ የለውም። ክሩን ቆርጣችሁ ትታችሁ ተነሱ። ሰማችሁ? የማንም እጅ አይደለም።"

ሰማን። እኔም ሰምቻለሁ።

አምስተኛውን ኮርቻ የጨረስኩት እኔ ነኝ። ደመላሽ የቀድሞ ባሌ እንደገና ማግባቱን እያነሳ ይተርበኛል። "አዲሲቱ ደግሞ አፍ የላትም አሉ፣ እፎይ ብሏል!" ይላል። እኔም መልስ አላጣሁ፤ እየተሳሳቅን ስንመላለስ ስፌቱ አለቀ። ኮርቻው ጭድ ተጭኖበት ሄደ። በማግስቱ የምሽጉን ኮርቻ እየሰፋሁ መጨረሻው ላይ ስደርስ፣ ወስፌዋ ሦስት ወደ ፊት ሄዳ አንድ ወደ ኋላ ስትመለስ አየኋት። ትናንትናም ተመልሳለች። አልቆረጥኩትም። የጫካው ኮርቻ ላይ ማሳረጊያዬን አሳርፌያለሁ።

መናገር ነበረብኝ። "ነገ እነግራቸዋለሁ" አልኩ። ነገ መጣ፤ "ነገ" አልኩ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ዋልኩ። በመንገድ የበቅሎ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ወስፌዬን ጥዬ በሩን አያለሁ። የሰፋሁትን እፈታለሁ፣ የፈታሁትን እሰፋለሁ። በአሥረኛው ቀን አጠገቤ ቁጭ አሉና "እጅሽ ምን ሆነብሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ስነግራቸው ፊታቸውን አላየሁም፤ አውራ ጣታቸውን ብቻ ነው ያየሁት። አልተንቀሳቀሰም።

"ስንት ቀን ሆነው?"

"አሥር።"

"ለሌላ ሰው ተናግረሻል?"

"ኧረ ለማንም!"

"እጅሽ ያስተማርኩትን ነው ያደረገ" አሉና ተነሱ። ይኸው ነው። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሁላችንንም ሰበሰቡ። "ከዛሬ ጀምሮ የየሻረግን ማሳረጊያ የምሠራበት እኔ ነኝ። አንቺ ሌላ ፈልጊ" አሉ። የሻረግ የምባለው እኔ ነኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ሰው ፊት አዋረዱኝ! አጥፍቻለሁ፣ እሺ፤ ግን የእናቴን ስፌት ይነጥቁኛል? ድርብ ቋጠሮ እየቋጠርኩ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳቸው። ምሳ ሳቀርብላቸው ሳላያቸው አስቀምጬ እሄዳለሁ። እሳቸው ግን ኩርፊያዬን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ከቤት ያለውን የኔን ማሳረጊያ ሁሉ ፈትተው ራሳቸው ዘጉት፤ አዲስ የሚሰፉትንም በዚያው ያሳርፋሉ። መጀመሪያ ላይ ይጣመምባቸዋል፤ ይፈቱታል፣ እንደገና ይሞክራሉ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ "ወደ ኋላ ስትመለስ ጠበቅ ነው፤ እንዲያ አይላላም!" አልኳቸው። "እንዴት? አሳዪኝ" አሉ፤ እጃቸውን ይዤ አሳየኋቸው። የሳቸውን ሞት በገዛ እጄ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። አላወቅኩም፤ እግዜር ያውቃል፣ አላወቅኩም።

ደግሞ ጥድፊያ ጀመራቸው። ለደመላሽ ዋንዛውን ለኮርቻው ጎን ማጉበጥ፣ ለኔ የበቅሎን ጀርባ በስንዝር መለካት፣ ለሌላው ከነጋዴ ጋር መዋዋል። በዓመት የሚሰጡትን ትምህርት በሳምንት ያጎርሱናል። "ምን ያጣድፍዎታል?" ስላቸው "ክረምቱ እየመጣ ነው" ይላሉ። ገና በታኅሣሥ! አብደዋል ብለን አማናቸው።

ከጥምቀት በኋላ፣ ረፋድ ላይ መጡ። ሹሙ፣ አስተርጓሚው፣ አራት ወታደሮች። ሁለት ኮርቻ አምጥተው መሬት ላይ ገለበጡ። አንዱ የምሽጉ ነው። ሌላው ከጎኑ የደረቀ ደም አለበት፤ ውጊያ ላይ የተማረከ። አስተርጓሚው አጎንብሶ ጥፍሩን አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ አደረገ። ሁለቱም ላይ ሦስት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ።

"ይህ የማን እጅ ነው?" አለ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፁ።

ከገበያው የቆመው እንጨት ከበራችን ይታያል። እኔም አየሁት፣ ሁሉም አየው። ወስፌዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። "የ..." ከማለቴ አያ ጥሩነህ ጮኹብኝ።

"አንቺ ባለጌ! ሰው በሚነጋገርበት ምን ያስገባሻል? ሥራሽን ሥሪ!"

በአምስት ዓመት አንድ ቀን ባለጌ ብለውኝ አያውቁም። ደመላሽ ቀሚሴን ከኋላ ይዞ አስቀመጠኝ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ማሳረጊያዬን የነጠቁኝ ለምን እንደሆነ፣ ክረምቱ ምን እንደሆነ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ።

"የኔ ነው" አሉ።

"እርስዎ አሠሪ ነዎት። አሠሪ ይሰፋል እንዴ?"

"ያልሰፋ እንዴት ያሠራል?"

"እስቲ ይስፉ።"

ወስፌያቸውን ከጠጉራቸው አወጡ። ያን ቀን እንኳ "ማን ወሰደው" አላሉም። ቁጭ ብለው ቁራጭ ቆዳ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሰፉ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ሦስት ወደ ፊት ሄዱ፣ አንድ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ስትመለስም ጠበቅ አደረጓት። ከኔ ይበልጥ አሳመሯት። አስተርጓሚው ከመደርደሪያው የሳምንቱን ሥራቸውን እያነሳ አየ፤ ሁሉም እንዲያው ነው። ለሹሙ በጣሊያንኛ አንድ ቃል ተናገረ። እጃቸውን ወደ ኋላ አሰሯቸው።

በሩ ላይ ዞር አሉ። "ደመላሽ፣ ያ ዋንዛ ሳይለዝብ እንዳታጎብጠው፣ ይሰነጠቃል" አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። "አዲስ ሠራተኛ ስትቀበይ ዙሩን እንዳትረሺ።" ይህን ብለው ሄዱ።

ሦስት ቀን ያንን እንጨት ስንጠብቅ ሰነበትን። አልሰቀሏቸውም፤ በአራተኛው ቀን በካሚዮን ጭነው በማርቆስ መንገድ ወሰዷቸው። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። እኔ የድርጊቱ ባለቤት፣ በጠራራ ፀሐይ ቁጭ ብዬ እሰፋለሁ። ቤቱ አንድ ቀን እንኳ አልቆመም፤ ደመላሽ ያጎብጣል፣ እኔ እለካለሁ፣ ሌላው ይዋዋላል። ይህ ደግሞ እንዴት እንዳናደደኝ! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ቢቆምላቸው ምን ነበረበት? እንዳይቆም አድርገው አሰልጥነውናል።

እንግዲህ ያ ፈንታሁን መርዶውን አምጥቶ በራችን ላይ ቆመ ብያችሁ ነበር። አስገብተን እግሩን አጠብነው፣ እህል ውኃ አቀረብንለት። ከእስር ቤቱ ተስቦ ገብቶ እንደወሰዳቸው፣ እስረኞቹ ራሳቸው እንደቀበሯቸው አጫወተን። ከዚያ እፍረት ብጤ ይዞት "እሳቸው... ከቡሬ ብትደርስ ሥራ ይሰጡሃል ብለውኝ ነበር" አለ።

"ምን ሥራ ታውቃለህ?"

"ያስተማሩኝን። ሰባት እስረኞች ሆነን የወታደሮቹን የበቅሎ ዕቃ እዚያው እንጠግን ነበር።"

ወስፌዬንና ቁራጭ ቆዳ ሰጠሁት። እውነቱን ለመናገር አላመንኩትም፤ ያን ጊዜ ታስሬ ነበር የሚል ብዙ ነው። ጎንበስ ብሎ ሰፋ። አያያዙ የሳቸው ነው። ጫፍ ላይ ሲደርስ ሦስት ወደ ፊት ሄደ፣ አንድ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ጠበቅ አደረገ።

"ይህ ማሳረጊያ የማን ነው?" አልኩ።

"የማንም አይደለም፤ ሰባታችንንም በዚሁ ነው ያሰለጠኑን። የየራሳችሁን አውጡ አላሉንም። 'ይቺን ብዙ እጅ ይልመዳት፣ አንዲት ልጅ እንዳትታወቅብኝ' ይሉ ነበር። ማን እንደሆነች ግን እስኪሞቱም አልተናገሩ።"

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ሁለት ዓመት የተጠራቀመውን አለቀስኩ፤ ቤቱ ሁሉ ሥራውን ትቶ ቆመ። አያ ጥሩነህ፣ ይኸው ቤትዎ ቆመልዎ። ምስኪኑ ፈንታሁን ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶት "ስፌቱ ተበላሸ እንዴ እመቤቴ?" ይለኛል።

"አልተበላሸም" አልኩና ፊቴን ጠርጌ ተነሳሁ። ከጥግ የነበረውን የጭነት ኮርቻ አነሳሁ። ገና ሳልነግረው ፈንታሁን ወደ ግቢው ዞረና ጀርባውን ሰጠኝ። አሰርኩበት፣ ሁለት ቁና ገብስ ጫንኩበት።

"ዙር" አልኩት።